ወይዘሮ አንጓች ከኮምፒውተር የጠፉ ጊዜ

ይህ ነገር የደረሰው ባለፈው ዓመት፣ የበቆሎ መዝሪያ ሲቃረብ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲመርቀኝ እደነግጣለሁ። ምርቃት የሚያስደነግጠው ሰው አይታችሁ ካላወቃችሁ እኔ አለሁላችሁ። ምክንያቱን ስትሰሙ የምታዝኑልኝ አይመስለኝም፤ የምጽፈውም እንድታዝኑልኝ አይደለም።

የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። በአንድ የገበሬዎች ዩኒየን ውስጥ ኮምፒውተር ላይ እሠራለሁ። ከባሕር ዳር ተመርቄ ስመጣ የአባላቱ መዝገብ በወረቀት ነበር። ግማሹን አይጥ በልቶታል፣ ግማሹ ላይ ሻይ ፈስሶበታል። ያንን ሁሉ ወደ ዳታቤዝ ያስገባሁት እኔ ነኝ። በዚህም በጣም እኮራ ነበር። ባልደረቦቼ "የኮምፒውተሯ እመቤት" እያሉ ሲቀልዱብኝ የተቆጣሁ እመስላለሁ እንጂ ደስ ይለኝ ነበር።

የመዝገቡ አሠራር ለማንም ይገባል። አንድ ሠንጠረዥ የአባወራዎች ነው። ሌላው የሚስቶች፣ ሌላው የልጆች፣ ሌላው የማሳዎች ነው። ሚስቶቹም ልጆቹም ማሳዎቹም ራሳቸውን ችለው አይቆሙም፤ በአባወራው ቁጥር ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው። አንዲት ሚስት ብትፈልጉ የምታገኟት በባሏ በኩል ነው። ያኔ ይህ ምንም አልመሰለኝም። በአገራችን ቤት የሚጠራው በአባወራው ስም ነው፤ እኔም እንደሚጠራው አድርጌ ሠራሁት። ሴት ሆኜ ሳለሁ ለምን እንዳልቆረቆረኝ አሁን አሁን ራሴን እጠይቃለሁ።

አንድ ሌላም ነገር አድርጌ ነበር። አባወራው ሲሰረዝ በእሱ ላይ የተንጠለጠለው ሁሉ አብሮ እንዲሰረዝ አዝዤ ነበር። የዳታቤዝ ሰዎች ይህን ትዕዛዝ በደንብ ያውቁታል። እሱ ከሌለ ኮምፒውተሩ አባወራውን አልሰርዝም እያለ ያስቸግራል፤ መጀመሪያ ልጆቹን አጥፊ፣ ማሳውን አጥፊ ይላል። እኔ ደግሞ ማሽን ሲጨቀጭቀኝ አልወድም።

ግንቦት እንደገባ አለቃዬ ጠሩኝ።

"በሞቱ ሰዎች ስም ማዳበሪያ የሚወስዱ አሉ ይባላል። ሟቾቹን አጥሪልኝ" አሉ።

ቀበሌዎቹ የሟቾቹን ስም ልከው ነበር። ተቀምጬ አንድ በአንድ ሰረዝኋቸው። ኮምፒውተሩ በእያንዳንዱ ስም ላይ በእንግሊዝኛ አንድ ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ስንቱን ሳነብ ልዋል? "እሺ" የሚለውን እየተጫንሁ አለፍሁ። ስጨርስ ወጥቼ ሻይ ጠጣሁ። ያ ሻይ እንዴት እንደጣፈጠኝ ዛሬም ትዝ ይለኛል።

ወይዘሮ አንጓች የመጡት በገበያ ቀን ነው። ግቢው በሰው ተሞልቶ ነበር። ከቡሬ ወዲያ ካለ የገጠር ቀበሌ ነው የመጡት፤ እስከ ቡሬ በእግር፣ ከዚያ በሚኒባስ፣ ከመናኸሪያው እስከ እኛ ቢሮ ደግሞ በጋሪ። ጥቁር ለብሰዋል። የባላቸው የአቶ ሞላ አርባ ካለፈ ገና ብዙም አልቆየም። ወረፋ ጠብቀው ጠረጴዛዬ አጠገብ ሲደርሱ ነጠላቸውን አስተካከሉና ጎንበስ ብለው ሰላምታ ሰጡኝ።

"ልጀ፣ የለሽም አሉኝ" አሉ።

"ማን ነው እንደዚያ ያለዎት?"

"ማዳበሪያ የሚያድሉት ናቸዋ። ሞላም የለ፣ አንችም የለሽ፣ ማሳሽም የለ አሉኝ። ሞላስ መሞቱን እኔም አውቃለሁ፤ የቀበርሁት እኔ ነኝ። እኔ ግን ይኸው አለሁ።"

ከኋላቸው ወረፋ የያዙት ሳቁ። እኔም ፈገግ ብዬ ስማቸውን ጻፍሁ። የለም። የባላቸውን ስም ጻፍሁ። የለም። የማሳቸውን ቁጥር ጻፍሁ። እሱም የለም። ያን ጊዜ ፈገግታዬ ከፊቴ ላይ ወረደ። ያን ማስጠንቀቂያ በዐይነ ሕሊናዬ አየሁት፤ ሳላነብ "እሺ" ያልሁትን። አቶ ሞላን ስሰርዝ ሚስታቸውን፣ ልጆቻቸውንና ማሳቸውን አብሬ ሰርዣለሁ። ሌሎቹንም ሟቾች ስሰርዝ የእነሱንም ሚስቶች እንደዚሁ።

"ኧረ በደንብ እይልኝ፣ የኔ ልጅ። ማሳው ታርሷል። መዝሪያው ደርሷል። ያለማዳበሪያ በቆሎ እንደማይሆን መቼም ሳታውቂ አትቀሪም።"

አውቃለሁ። የገበሬ ልጅ ነኝ። በእኛ በኩል በቆሎ የዓመት ቀለብ ነው።

ማለት የነበረብኝ ቀላል ነበር። "ጥፋቱ የኔ ነው፣ እናቴ፤ ጥቂት ቀን ይታገሱኝ" ማለት ብቻ ነበር። ግን ከኋላቸው ሰው ተሰልፏል። የአለቃዬ በር ክፍት ነው። የኮምፒውተሯ እመቤት በሕይወት ያሉ ሴቶችን ከሟቾች ጋር ጠራርጋ ጣለች ሲባል ታየኝ። አፌን ከፍቼ ሌላ ነገር ጠየቅሁ።

"የባለቤትዎን ሞት ቀበሌ ሄዶ ያስመዘገበው ማነው?"

"ልየው ነው፤ የሞላ ታናሽ ወንድም። እኔ ከሐዘን ቤት አልወጣሁም ነበር። እኔው ነኝ የላክሁት።"

"እንግዲያው ምን ብለው እንዳስመዘገቡ እሳቸውን ይጠይቋቸው።"

ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ይህችን ስናገር ጊዜ ለመግዛት ብዬ ነበር፤ በመሐል አስተካክለዋለሁ፣ ማንም ሳያውቅ ያልፋል ብዬ። የወይዘሮ አንጓች ፊት ግን ወዲያው ተለወጠ።

"ልየው?" አሉ። "ልየው ነው ያስፋቀኝ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ፣ እናቴ?" አልኋቸው።

አውቅ ነበር እንጂ። ነጠላቸውን መልሰው አጣፉ። ከዚያ "እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጀ። አንችስ ደግ ልጅ ነሽ፤ እውነቱን ነገርሽኝ" ብለውኝ ወጡ። የመጀመሪያው ምርቃት ይህ ነበር።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ፣ ቢሮው ባዶ ሲሆን፣ የጠፋውን ለመመለስ ተቀመጥሁ። ብቻዬን ሞከርሁ፤ አልሆነም። አሳፍሮኝ ለማውቀው ሰው ልደውል አልፈለግሁም። ስለዚህ በቴሌግራም ወዳለ አንድ ቡድን ገባሁ። የዳታቤዝ ችግር የገጠማቸው ሰዎች በአማርኛ የሚጠያየቁበት ነው። እዚያ ውስጥ ራሱን "ጥያቄ አለኝ" ብሎ የሰየመ ሰው አለ። ሲጠይቅ ግን አይቼው አላውቅም፤ ሁልጊዜ የሚመልሰው እሱ ነው። ማን ይሁን፣ የት ይኑር እስከ ዛሬ አላውቅም። የሆነብኝን በአጭሩ ጻፍሁለት።

"ባክአፕ አለሽ?" አለኝ።

"አለ። ግን ቅጂው የተወሰደው የዘንድሮው ምዝገባ ሳይጀመር ነው። እሱን ከመለስሁ ዘንድሮ የተመዘገበው ሁሉ ይጠፋል።"

"በላዩ ላይ አትመልሽዋ! ጎን ለጎን በሌላ ስም ክፈችው። ከዚያ ሁለቱን አስተያይተሽ የጠፉትን ብቻ ለይተሽ አምጫቸው።"

እንዴት እንደሆነ አንድ በአንድ አሳየኝ። ኔትወርኩ እየሄደ እየመጣ አሰቃየን። ሲሄድብኝ በትዕግሥት ይጠብቀኛል፤ ስመለስ ካቆምንበት ይቀጥላል። እንዲህ ያለ ደግ ሰው በአካል ቢሆን እግሩን ባጠብሁለት ነበር። የጠፉትን ስም ለየሁ። ወይዘሮ አንጓችን ወደ ቦታቸው ለመመለስ ስሞክር ግን ኮምፒውተሩ እንቢ አለ።

"አልቀበልም ይለኛል" ብዬ ጻፍሁ።

"መጀመሪያ ሟቹን መልሽ" አለኝ። "ያለ እሱ እሷን አይቀበልሽም።"

አቶ ሞላን መለስሁ። ከዚያ ወይዘሮ አንጓችን፣ ከዚያ ልጆቻቸውን፣ ከዚያ ማሳቸውን። ስማቸው በስክሪኑ ላይ ሲወጣ በባዶ ቢሮ ውስጥ ተነሥቼ አጨበጨብሁ። የሌሎቹንም ሴቶች እንደዚሁ አንድ በአንድ መለስሁ።

"አሁን አብሮ የሚሰርዘውን ትዕዛዝ አንሽው" አለኝ "ጥያቄ አለኝ"። "ደግሞ ለወደፊቱ ሰው ሲሞት አትሰርዥ። በሞት ተለየ ብለሽ ጻፊበት፤ ይበቃል። እናንተ አገር ሰው ሲሞት ስሙን ያጠፋሉ እንዴ?"

አያጠፉም። እኛ አገር የሞተ ሰው ስም በየዓመቱ እየተጠራ ይዘከራል። የኔ ዳታቤዝ ነው ያን ያልሰማው። ይህን እያሰብሁ ሳለ ሌላ ጥያቄ ላከልኝ።

"ለሰዎቹ ነግረሻቸዋል? ምን እንደሆነ?"

"አዎ፣ ነግሬያቸዋለሁ" ብዬ ጻፍሁ።

"ጎበዝ። ብዙ ሰው እሱን ይረሳዋል" አለኝ።

ሰኞ ጠዋት ለአለቃዬ "ሲስተሙ ተበላሽቶ የአንዳንድ ሰው ስም ጠፍቶ ነበር፤ አስተካክየዋለሁ" አልኋቸው። በስብሰባ ላይ ሳይቀር አመሰገኑኝ። ቅዳሜ ሳይቀር መጥታ የምትሠራ ተባልሁ። የተስተካከለውን መዝገብ ወደየቀበሌው ላክሁ። የጠፉት ሴቶች ማዳበሪያቸውን እየወሰዱ እንደሆነ ስሰማ ትከሻዬ ቀለለኝ። ወይዘሮ አንጓች ስልክ የላቸውም። ማዳበሪያውን ሲወስዱ ሁሉም ነገር ይገባቸዋል ብዬ ተውሁት።

ሰኔ ሊያልቅ ሲል ስላልተወሰደ ማዳበሪያ ከየቀበሌው ሪፖርት መጣ። አለቃዬ፣ ዝናብ ሳያገኘው ለሌላ ይሰጥ አሉ። ካልወሰዱት መሐል የወይዘሮ አንጓችን ስም አየሁት። ስማቸው በመዝገቡ አለ፣ ማዳበሪያውም በመጋዘን አለ፣ እሳቸው ግን አልመጡም። ታመው ይሆን? ወይስ መመለሳቸውን ማንም አልነገራቸው ይሆን? "እኔ ራሴ ሄጄ ላጣራ" አልሁ።

ሹፌራችን ጌታነህ ይባላል። "እሁድ እንሂድ" አለኝ። "በዚህ በአረም ሰሞን ገበሬ በሌላ ቀን ከቤቱ አይገኝም። እሁድ ግን ከቤተ ክርስቲያን አይታጣም።" እሁድ ማልደን ማንኩሳን አልፈን፣ ቡሬን አልፈን ወደ ገጠሩ መንገድ ገባን። ሌሊት ዘንቦ ስለነበር ፒክአፗ እየተንሸራተተች ነው የሄደችው። ግራና ቀኝ በቆሎው ጉልበት ደርሷል። ያየነው ማሳ ሁሉ አረንጓዴ ነው።

መንገድ ላይ ነጭ ለብሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ አንዲት ሴትዮ አገኘንና አሳፈርናቸው። ወዴት እንደምንሄድ ሲጠይቁን ነገርናቸው።

"የአንጓች? ውይ፣ የአንጓች ነገርማ!" አሉ። "ማሳዋ ያውላችሁ።"

በጣታቸው ያሳዩኝ ማሳ በሁለት የበቆሎ ማሳ መካከል ነው። ታርሶ ነበር፤ አልተዘራም። ያበቀለው አረም ነው።

"ምን ሆኖ ነው?" አልሁ፤ ድምፄ የኔ አልመሰለኝም።

ሴትዮዋ አገሩ እየተቀባበለ የሚያወራውን ወሬ ሁሉ ነገሩን። አንጓች ከከተማ ተመልሳ ለልየው "አንተ ነህ ያስፋቅኸኝ፣ የወንድምህን መሬት ልትበላ ነው" አለችው። እሱ አላደረግሁም ብሎ ቢልም አልሰማችውም። የሚያርስላት እሱ ነበር። ልጆቿ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዷ አረብ አገር ናቸው። በማግሥቱ በሬ ጠምዶ ሊዘራላት ቢመጣ "ሞፈርህን ከማሳዬ አውጣ" ብላ መለሰችው። ማዳበሪያው መጥቷል ውሰጂ ሲሏትም፣ "ልየው ደንግጦ ነው የመለሰው፤ በእሱ ችሮታ አልዘራም" አለች።

"ሌላ የሚዘራላት ሰው ጠፋ?" አለ ጌታነህ።

"በመዝሪያ ቀን ማን የራሱን ጥሎ ለሰው ያርሳል፣ ልጀ?"

"አቶ ልየውስ?"

"እሱማ ተጨንቋል። ሽማግሌዎቹ ካላደረግህ ማል ብለውታል። አልምልም አለ። ዛሬ ሰንበቴው ነው፤ ዛሬም ካልማለ ከማኅበሩ ይወጣል።"

"ካላደረጉት ለምን አይምሉም?" አልሁ።

"እውነት ያለው ሰው አይምልም፣ እግዜርን ለማዳበሪያ ምስክር አልጠራም ይላል። እኛማ ፈርቶ ነው ብለናል።"

ጌታነህ በመስታወቱ አየኝ። ስለ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ፊቴ ግን ነጥቶ ይሆናል።

ቅዳሴው አልቆ ምእመኑ በደጀ ሰላሙ ተሰብስቧል። የሰኔ ጾም ስለነበር ዳቦና ንፍሮ፣ ጠላም ቀርቧል። ወይዘሮ አንጓች ከሴቶቹ መሐል ተቀምጠዋል፤ ከስተዋል። ከሁሉም ርቀው ቅጥሩ ሥር በአንድ ድንጋይ ላይ ብቻቸውን የተቀመጡ ሽበታም ሰው አሉ። ማንም ሳይነግረኝ አቶ ልየው መሆናቸውን አወቅሁ።

ከዩኒየን የመጣሁ መሆኔን ጌታነህ ለቄሱ ነገራቸው። ቄስ አድማሱ ይባላሉ። "እንኳን ደህና መጣሽ፤ በደኅና ቀን ነው የመጣሽው" ብለው በሕዝቡ ፊት አቆሙኝ። የምለውን በመኪናው ውስጥ ስደረድር ነው የመጣሁት።

"አቶ ልየው ምንም አላደረጉም" አልሁ። "ያስመዘገቡት የወንድማቸውን ሞት ብቻ ነው። ወይዘሮ አንጓች በመዝገባችን የተጻፉት በባላቸው ሥር ስለነበረ፣ አቶ ሞላ ሲሰረዙ እሳቸውም ማሳቸውም አብረው ጠፉ። በሌሎችም ሴቶች ላይ ደርሷል።"

ሕዝቡ አጉረመረመ። ቄስ አድማሱ ትንሽ አሰቡ።

"ግንዱ ሲቆረጥ ቅርንጫፉ አብሮ ወደቀ ነው የምትይን?"

"አዎ፣ አባ። እንደዚያ ነው።"

"ማን ነው የቆረጠው?"

ይህን ጥያቄ ጠብቄው ነበር። መልሱንም አዘጋጅቼ ነበር። ቀና ስል ወይዘሮ አንጓች አፌን እያዩ ነው። "አንችስ እውነቱን ነገርሽኝ" ያሉኝ ትዝ አለኝ። ያ ሁሉ ሕዝብ እያየኝ ነው። አለቃዬም ነገ ይሰማሉ።

"ኮምፒውተሩ ነው፣ አባ" አልሁ።

ሕዝቡ ተነፈሰ። አንዳንዱ ሳቀ። "እኔስ ድሮም ያን ዕቃ አላምነውም" አሉ አንድ ሽማግሌ። ቄስ አድማሱ "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" ብለው አማተቡ። እኔም አብሬ አማተብሁ። ምን ዓይነት ሰው እንደሆንሁ የገባኝ እያማተብሁ ሳለ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን አልጠበቅሁትም። ወይዘሮ አንጓች ከሴቶቹ መሐል ብድግ አሉ። ወደ ቅጥሩ ሄደው ከወደቀው ካብ አንድ ትልቅ ድንጋይ አነሡና ትከሻቸው ላይ አደረጉት። በእኛ አገር የበደለ ሰው ይቅርታ የሚጠይቀው እንዲህ ነው፤ ድንጋይ ተሸክሞ ጎንበስ ብሎ ከተበደለው ሰው ፊት ይቆማል። የተበደለው ድንጋዩን ካወረደለት ምሮታል ማለት ነው። ወይዘሮ አንጓች ድንጋዩን ተሸክመው፣ በጥቁር ልብሳቸው፣ ወደ አቶ ልየው ሄዱ።

"ልየው፣ በድየሃለሁ" አሉ። "በሞላ አጥንት ይዠሃለሁ፤ ማረኝ።"

ተሸክመው መቆም አቅቷቸው ይወዛወዙ ነበር። ያ ድንጋይ የኔ ነበር። ሮጬ ልቀበላቸው ፈለግሁ፤ ካለሁበት ግን አልተንቀሳቀስሁም። አቶ ልየው ከተቀመጡበት ዘለው ተነሥተው ድንጋዩን አወረዱላቸው። "ተይ፣ ተይ፣ አንች ሰው! እንዲህ አይደረግም!" እያሉ አቀፏቸው። ሁለቱም አለቀሱ። ሴቶቹ እልል አሉ። ጌታነህ ሳይቀር ዐይኑን ጠረገ። ያላለቀስሁት እኔ ብቻ ነበርሁ፤ ማልቀስ እንኳ አሳፍሮኝ ነበር።

ከዚያ ምርቃቱ መጣ። ከመሐል አስቀምጠው አበሉኝ። ሩቅ መንገድ መጥታ እውነቱን አወጣች፣ ቤተሰብ አስታረቀች ተባልሁ። ወይዘሮ አንጓች ትከሻዬን ስመው እጄን ያዙ። የድንጋዩ አፈር ከእጃቸው ገና አልረገፈም ነበር።

"ወልደሽ ለመሳም፣ ዘርተሽ ለመቃም ያብቃሽ፣ ልጀ" አሉኝ።

ዘርተሽ ለመቃም። ያልተዘራው ማሳቸው ከዚያ ቅርብ ነው። ዳቦውን በጠላ አወረድሁት።

ልንሄድ ስንል አቶ ልየው እስከ መኪናው ሸኙኝ። በጣም የሚያወሩ ሰው አይደሉም። ጌታነህ ሞተሩን እስኪያስነሣ ከበሩ አጠገብ ቆመው መሬት መሬት አዩ።

"ልጀ" አሉ ቀስ ብለው፤ "ያን ኮምፒውተር የሚያዘው ማነው?"

ሌላ ሰው አልነበረም። የሚሰማም አልነበረም።

"እኔ ነኝ" አልሁ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። "እንደሱ መስሎኝ ነበር" አሉ።

"አቶ ልየው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አልኋቸው።

የተቆጡ አልመሰሉም። ቢቆጡ በወደድሁ። ወደ ደጀ ሰላሙ ዞር ብለው ወይዘሮ አንጓችን አዩ፤ ከሴቶቹ ጋር እየሳቁ ነበር።

"እዚያ ብትይው ኖሮ፣ ልጀ፣ አንጓች ድንጋይ አትሸከምም ነበር" አሉ። "ለኮምፒውተር ምኑን ይቅር ይሉታል? ድንጋይ የሚሸከምበት ትከሻ የለው።"

የመኪናውን በር ዘጉልኝና "በሰላም ግቡ" አሉን። በዚህ ምረውኝ ይሁን ሳይምሩኝ አላውቅም። ድንጋይ አልተሸከምሁም፤ ስለዚህ የሚያወርዱልኝ ነገር አልነበራቸውም።

ጌታነህ በጭቃው እየተንሸራተተ ቡሬ አደረሰን። ከዚያ "ጎበዝ ነሽ ግን" አለኝ። ሬዲዮኑን ክፈተው አልሁት።

የበቆሎው ቀን አልፎ ነበር። አቶ ልየው በሐምሌ ለወይዘሮ አንጓች ጤፍ እንደዘሩላቸው ጌታነህ ነገረኝ። ጤፍም መልካም ነው፤ የዓመት ቀለባቸው ግን በቆሎው ነበር። ዳታቤዙን ከሥሩ አፍርሼ እንደገና ሠራሁት። አሁን እያንዳንዷ ሴት በራሷ ቁጥር ትቆማለች። የሞተ ሰው አይሰረዝም፤ አቶ ሞላ በስማቸው ላይ "በሞት የተለዩ" ተብሎ ተጽፎ እስከ ዛሬ አሉ። አንዳንዴ ሥራ ሳይኖረኝ ስማቸውን ከፍቼ አያለሁ። "ጥያቄ አለኝ" ለእንቁጣጣሽ መልካም አዲስ ዓመት ብሎ ልኮልኝ ነበር፤ ለእሱም እውነቱን አልጻፍሁለትም።

ኅዳር ላይ ወይዘሮ አንጓች የሽምብራ እሸት በጌታነህ እጅ ላኩልኝ። "ያን ቀን ላዳነችኝ ልጅ ስጥልኝ" ብለው ነው። ባልደረቦቼ እየተሻሙ በሉት። እኔ ሆዴን ቆርጦኛል አልሁ።

ጌታነህ በዚያ በኩል የሚያልፍበት ቀን በደረሰ ቁጥር "አትሄጅም? ይጠይቁሻል እኮ" ይለኛል። እኔም በሰንበቴው ቀን ሄጄ፣ ከዚያ ከፈረሰው ካብ አንድ ድንጋይ አንሥቼ በሁለቱ ፊት ልቆም አስባለሁ። ምን እንደምልም አውቀዋለሁ። እሁዱ ሲደርስ ግን ለጌታነህ ቢሮ ሥራ በዝቶብኛል እለዋለሁ። እሁድ ቢሮው ዝግ ነው።